በዘጠኝ ቀን ያለቀው አልበም

«ሞታለች አሉ እኮ» አለች በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ልጅ፣ ስልኳን ወደ ጓደኛዋ ጆሮ እያስጠጋች። «እንዲህ እየዘፈነች ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ሞተች። ግፍ አይደለም?»

ልብስ ሰፊው ከልጆቹ ወንበር ጀርባ ቆሟል። በአንድ እጁ የአውቶቡሱን ብረት ጨብጧል፤ በብብቱ ሥር ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆች የገዛውን አምስት ሜትር ገበር ወሽቋል። ከሥራ በፊት ያለው ግፊያ አልፎ አውቶቡሱ ትንሽ ቀለል ብሎ ነበር፤ ለመቆም እንጂ ለመቀመጥ የሚበቃ ቦታ ግን አልነበረም። ከስልኩ የሚወጣው ሙዚቃ መጀመሪያ ላይ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎበት ምን እንደሆነ አልለየውም። ኦርጋን ነገር ሰማ፤ ጥሩንባዎቹ ሁለቴ ተቆጥተው ዝም አሉ፤ ባስ ጊታሩ እንደ ሰነፍ ሰው እየተጎተተ መጣ፤ ከዚያ ሴትዮዋ ጀመረች። ወፍራም፣ ሻከር ያለ፣ ስንኙ ሊያልቅ ሲል ስብር የሚል ድምፅ። ሰውየው ክው አለ። ያችን ስብራት ያውቃታል። በልጅነቱ ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ እያደረገች የምታንጎራጉርለት፣ ከጓሮ ሆና ለምሳ የምትጠራው፣ ባለፈው እሑድ ደግሞ በስልክ «የቀሚሴን ጫፍ የምትለቅልኝ እኔ አርጅቼ ሳጥር ነው?» ያለችው ድምፅ ነው። የእህቱ ድምፅ ነው።

«ማን ነው ሞተች ያለው?» አለ፣ ሳያስበው።

ሁለቱም ልጆች ቀና ብለው አዩት። ተማሪዎች ይመስላሉ፤ ጭናቸው ላይ ደብተር አለ። መነጽር ያደረገችው፣ «ጋሼ፣ ያውቋታል እንዴ?» ብላ ስልኩን ዘረጋችለት። በትንሿ መስታወት ላይ የደበዘዘ የካሴት ሽፋን ይታያል፤ ትከሻዋን የገለጠች፣ ወደ ጎን የምታይ ወጣት ሴት። ልጅቷ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበችለት። የድሮ ካሴት የሚሰበስብ አንድ ሰው ነው የጫነው። «የሶል ሙዚቃ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ይችን ሴት ይስማ» ይላል። ማንም ያልገዛው ድንቅ አልበም ነው ይላል። ዘፋኟ ከዚያ በኋላ የት እንደገባች አይታወቅም፤ ሞታለች የሚሉም አሉ ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት መቶ ሺህ ጊዜ ተሰምቷል።

«አልሞተችም» አለ ልብስ ሰፊው። «አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው።»

አጠገቡ ዘንቢል የያዘች ሴት ሳቀች። ልጆቹ ግን አልሳቁም። «እና ያን ጊዜ ለምን ማንም አልገዛትም?» አለችው መነጽር ያደረገችው፣ የእሱ ዘመን ሰዎች ሁሉ ባንድ ላይ ፊቷ የቆሙ ይመስል። «ጆሮ አልነበራችሁም?»

«ጆሮስ ነበረን» አለና ቆመ። ቀጥሎ የሚለውን ያውቀዋል። የገዛኋት እኔ ነኝ ሊል ነው። ከታተመው አምስት መቶ ካሴት ከጥቂቱ በቀር በእነዚህ እጆቼ ለቅሜ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ አንዱንም ግን ከፍቼ አልሰማሁትም፤ የእህቴን ዘፈን በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ዛሬ፣ ከእናንተ ጋር አውቶቡስ ላይ ነው የምሰማው ሊል ነው። ይህን ግን ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም። «አልደረሰንም እንጂ» ብሎ በዚያው አበቃ። ልጅቷ የስልኩን ቁጥር ተቀብላ ዘፈኖቹን ላከችለት። መውረጃውን ሁለት ፌርማታ አልፎት ኖሮ በእግሩ ተመለሰ።

ሱቁ በቁልፍ ቀራጩና በጫማ ሰፊው መካከል የተሰካች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ልብሶች የተሰቀሉበት ረጅም ብረት። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ሱሪዎች ከተሰቀሉ ብዙ ዓመት ስላለፋቸው የዛሬ ደንበኞች «ይህ ፋሽን ተመለሰ እንዴ?» ይሉታል። መብራት አበራ፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ የባንክ ሥራ አስኪያጁን ኮት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እጅጌው ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት ሁለቴ አይቶ በመቀሱ ቆረጠው። ከቆረጠ በኋላ ነው የቆረጠው በተሳሳተው መሥመር ላይ መሆኑን ያየው። ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። በሥራው ዘመን ብዙ ነገር ተሳስቶ ይሆናል፤ መቀስ ግን ከጨበጠ ወዲህ እጁ ከድቶት አያውቅም። ኮቱን እንደተዘረጋ ትቶት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ተቀመጠ።

አባታቸው የፍርድ ቤት ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሸሚዛቸው ላይ አንድ መጨማደድ ካዩ ከደጅ ተመልሰው የሚለውጡ፣ በሰፈሩ ሰው አፍ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ በምን ቃና እንደሆነ የሚያዳምጡ ሰው። ልጃቸው ቤት ውስጥ ስትዘፍን አይከፉም ነበር፤ እንዲያውም ማታ ማታ ጋዜጣ እያነበቡ «ያችን ድገሚያት» ይሏታል። ከሆቴል ባንድ ጋር ስትገባ ግን ቤቱ ጠበባት። ሻንጣዋን ይዛ ወጥታ ክፍል ተከራየች። ካሴቱ የወጣው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው። በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር በፖሊስ ታጅቦ የሚገባ አንድ ተከሳሽ የእሷን ዘፈን እያፏጨ በአባቷ አጠገብ አለፈ። ተከሳሹ ዘፋኟ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም፤ ለራሱ ልቡ እንዳይፈራ ነው የሚያፏጨው። አባታቸው ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጃቸውን ጠርተው ለቤት መሥሪያ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በፖስታ ሰጡትና፣ «ካሴት ቤት የሚባለውን ሁሉ አዳርስ። አንድም አይቅር። ለማን እንደሆነ ማንም አይወቅ» አሉት።

ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። አንድ ሱቅ ሁለቴ ሲገባ እንዳይታወቅ የጓደኞቹን ጃኬት እየተዋሰ፣ አንዴ ባርኔጣ፣ አንዴ መነጽር እያደረገ ዞረ። አንዱ ሻጭ «ሠላሳ ካሴት ምን ያደርግልሃል?» ሲለው «ለጦር ሠራዊት ነው» ብሎት ሻጩ በአክብሮት ገመድ አስሮ ሰጥቶታል። ሲያልቅ ሁሉንም በጓሮው የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ አደረጓቸው፤ አባትየው ቆመው እያዩ ልጁ ክብሪት ጫረ። ጭሱ ጥቁር ነበር። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ ስትጠይቅ «አሮጌ ወረቀት ነው» አሉ አባትየው፤ ውሸት ሲናገሩ ልጃቸው የሰማቸው የዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። አላበቃም። ካሴቱን ያሳተመው ነጋዴ በዘጠኝ ቀን አምስት መቶ ሲያልቅ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። እህቱን አቅፎ ሳማት፤ ሁለተኛ ካሴት እናወጣለን አላት፤ ሁለት ሺህ አስደገመ። አሁን ግን የአባትየው ፖስታ ባዶ ነበር። ሁለቱ ሺህ ሱቅ ለሱቅ አቧራ ጠጥቶ ተመለሰ፤ ነጋዴውም በላዩ ላይ የሌላ ሰው ዘፈን እየቀዳ ሸጠው። «ሕዝቡ ቶሎ ጠገበሽ» ብሎ በሩን ዘጋባት። እሷም አልለመነችም። በሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠረችና ሠላሳ ዓመት ሙሉ በረጅሙ ኮሪደር የበሽተኛ ስም ስትጠራ ኖረች። ካርዱ ቢጠፋም ባይጠፋም፣ የበሽተኛውን ስም አንዴ ብቻ ከጠራች በኮሪደሩ ጫፍ የተኛ ሰው ይነቃል ይባልላት ነበር።

ልብስ ሰፊው መቀሱን ሰቀለ። መብራት አጠፋ። ሱቁን ሲቆልፍ ቁልፍ ቀራጩ ከጎን «በዚህ ሰዓት ወዴት ነው? ደህና ነህ?» አለው።

«እህቴ ዘንድ ነው።»

«ምነው፣ አሟት ነው?»

«አይ፣ ደህና ናት። እኔ ላሳምማት ነው መሰለኝ።»

እህቱ የምትኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም። አራት ፎቅ ሲወጣ በየደረጃው መዞሪያ ላይ እየቆመ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ዛሬ ግን ትንፋሽ ሳያጥረውም ቆመ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተደረደሩትን የሰው ጫማዎች እንደ ጉዳይ ሲያያቸው ቆየ። በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ «ክፍት ነው!» የሚል ድምፅ መጣ፣ ያው ድምፅ።

«ማሙሽ!» አለችው። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለእሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው። «በሥራ ቀን ምን እግር ጣለህ? ሱቅህ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም፣ እታለም።»

«እንግዲያው እግዜር ነው የላከህ። ና ጫማህን አውልቅና እዚህ ወንበር ላይ ውጣልኝ።» መጋረጃዎቿን አጥባለች። በዓመት ሁለቴ አውርዳ ታጥባለች፤ እስከ አምና ድረስም ራሷ ትሰቅል ነበር፤ ዘንድሮ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ ብሏታል። ሳሎኗ ትንሽ ናት። ባለ ሁለት ሰው ሶፋ፣ ልብስ የለበሰ ቴሌቪዥን፣ መድኃኒቶቿ በሰዓታቸው የተደረደሩበት የብስኩት ቆርቆሮ፣ በፋርማሲ የምትሠራው ልጇ የምትተኛበት አልጋ በግድግዳው ጥግ። መጋረጃ ሲወርድ ክፍሉ ራቁቱን የቀረ ይመስላል፤ ከማዶ ያለው ሕንፃ የውሃ ታንከር ሳይቀር ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ያህል ቀርቧል። ልብስ ሰፊው ወንበር ላይ ወጣ። እርጥቡን መጋረጃ እየጎተተ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብረቱ ያስገባ ጀመር፤ እሷ ከታች ጨርቁን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለታለች። ፊቷን ሳያይ መናገር እንደሚቀለው ያን ጊዜ ገባው።

«እታለም፣ ዛሬ አውቶቡስ ላይ ዘፈንሽን ሰማሁት።»

«የቱን ዘፈን?»

«የካሴቱን።»

ጨርቁ በእጁ ላይ ከበደው፤ ከታች ለቅቃው ነበር። «ማን ነው የዘፈነው?» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺ ነሻ። ራስሽ ነሽ። አንድ ሰው አግኝቶት ለዓለም ሁሉ ለቆታል። አራት መቶ ሺህ ጊዜ ተሰምቷል።»

«ውረድ» አለችው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በመድኃኒት ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ዘፈኑን ከፈተላት። ኦርጋኑ ሲጀምር እህቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ነበረች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት መጣች። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እያሸች ሳትተነፍስ ሰማች። መጀመሪያ የተናገረችው ሰውየው ያላሰበውን ነው። «ባሱ ዘገየ» አለች፤ «ያኔም ነግሬው ነበር።» ቀጥላ ሳቀች። በአዳራሽ ውስጥ ነበር የቀዱት፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ስምንቱንም ዘፈን ባንድ ቀን። የመኪና ጡሩምባ እንዳይገባ የሆቴሉን ፍራሽ ሁሉ አውርደው መስኮት ላይ ደግፈውታል። ኦርጋን ተጫዋቹ ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን በካልሲ እየጠረገ ነው የተጫወተው፤ መሀረብ የሚያውሰው ሰው ጠፍቶ። «አሁን ስማ፣ አሁን፣ ከጥሩንባው በኋላ... ሰማህ? ያች እሱ ናት፣ ሲያስነጥስ!» አለችና ጭኗን መታች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ፊቷ ላይ ተመልሶ መጣ። ወንድሟ እንዲህ ስትስቅ ካያት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ተነስቶ ሊሄድ ፈለገ።

ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር ግን ሳቋ ቀስ እያለ ወረደ። በየቤተ ዘመዱ ስብሰባ ሁሉም የሚያውቀውን ወሬዋን አመጣች። «በዘጠኝ ቀን እኮ ነው አምስት መቶው ያለቀው። ዘጠኝ ቀን!» አለች። ዘመድ ፊት ይህን ስትል አንገቷ ይቀና ነበር፤ ወሬዋንም እዚያ ላይ ትጨርሰዋለች። ዛሬ ቀጠለች። «ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘኝ አላውቅም። ሰው በዘጠኝ ቀን ወድዶ በአሥረኛው እንዴት ይጠላል? ምን አጠፋሁ? ሌሊት ሌሊት ስምንቱንም በልቤ እየዘፈንኩ ስህተቷን እፈልግ ነበር። ታውቃለህ፣ ካርድ ክፍል ቆሜ ስም ስጠራ አንዳንዱ በሽተኛ ቀና ብሎ በደንብ ያየኛል። እኔ ደግሞ እደነግጣለሁ። ይሄ ካሴቴን ገዝተው ከጠሉት አንዱ ይሆን እላለሁ።»

«ማንም አልጠላሽም» አለ ልብስ ሰፊው።

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። የገዛሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራት። ፖስታውን፣ የተዋሰውን ጃኬት፣ ባርኔጣውን፣ የጦር ሠራዊቱን ውሸት፣ ጉድጓዱን፣ ክብሪቱን። ሲናገር መሬት መሬት እያየ ነው፤ «አባባ ናቸው ያሉኝ፣ አባባ አስምለውኝ ነው፣ አባባን ታውቂያቸዋለሽ» እያለ በየመሃሉ አባቱን እንደ ምርኩዝ ይጨብጣል። ሲጨርስ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። የቧንቧ ውሃ ተከፈተ። ውሃው ለረጅም ጊዜ፣ ዕቃ ሳይነካ፣ ዝም ብሎ ፈሰሰ። በስልኩ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ብቻውን ዘፍኖ ብቻውን ጨረሰ። ልብስ ሰፊው ልከተላት ወይስ ልውጣ እያለ፣ አንድ ጎኑ የተሰቀለውን፣ ሌላው ጎኑ ወለል ላይ የተዘረገፈውን መጋረጃ እያየ ተቀመጠ።

ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። ዐይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ደርቋል። «አባባን ሁለት ዓመት አስታመምኳቸው» አለች። «በማንኪያ አበላኋቸው። ‹ያችን ድገሚያት› እያሉኝ አልጋቸው ዳር ተቀምጬ ዘፈንኩላቸው። ያን ጊዜም አልነገሩኝም። አንተም በሩ ላይ ቆመህ ትሰማ ነበር።»

«እነግርሻለሁ እያልኩ ነው እኮ... አንቺ ዘጠኝ ቀን ስትዪ ደስታሽን አያለሁ። እሷን ልውሰድብሽ?»

«ደስታዬን ነው ያየኸው?» አለች። ቁጭ አለች። ከዚያ፣ ካርድ እንደምትፈልግ ሠራተኛ፣ ቀጥ ባለ ድምፅ ጠየቀችው፤ «ሁሉንም ነው የገዛኸው? አምስት መቶውንም?»

«አራት መቶ ሰማንያ ስድስቱን።»

«እና የቀሩት?»

«አሥራ አራቱ ቀድመውኝ ነበር። ሰዎች ገዝተዋቸው።»

«ሰዎች» አለች። «ማን ማን?»

አያውቅም። ለአባቱም አልቋል ብሎ ነበር የነገራቸው። አንዱን ግን ያውቀዋል። የአንድ ካሴት ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ አንድ ባለ ታክሲ የመጨረሻዋን ካሴት ገዝቶ ሲወጣ አየውና ተከተለው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሳይነሳ በመስኮት ደረሰበት። እጥፍ ልክፈልህና ሽጥልኝ አለው። ሰውየው ሳቀበት። ሦስት እጥፍ አለው። «ልጅ» አለው ባለ ታክሲው፣ «ይችን ከሸጥኩ መኪናዋንም አብሬ እሸጣታለሁ። ትናንት ተሳፋሪ ይዞት የመጣውን ሰምቼ ነው ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ ያደርኩት።»

እህቱ ወደ እሱ ዞራ ተቀመጠች። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ቀጭን። የፊት ጥርሱ የወለቀ። መኪናው ነጭ ነበረች፣ አንድ በሯ ብቻ ሰማያዊ።»

«ዕድሜው?»

«ያኔ የአርባ ዓመት ሰው ይሆናል።»

«የቱን ዘፈን ነው የወደድኩት አለ? አልጠየቅከውም?»

«ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፣ እታለም፤ ግን መኪናው ውስጥ ከፍቶት ነበር የሄደው፤ እስኪርቅ ድረስ ጥቂት ጆሮዬ ገብቶ ነበር። አሁን እዚህ ስሰማው ለየሁት። አራተኛው ነው፣ ይኸው አሁን የሚዘፈነው።»

«አራተኛው!» አለች፣ ሁለት እጇን አጣምራ አገጯ ሥር ይዛ። «ባንዱ በሙሉ ይቺን ከካሴቱ እናስወጣት ብለውኝ ነበር። በጣም ትንፏቀቃለች፣ ማንም አይሰማትም አሉኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።» «ያ ሰውዬ ምን አለ? እንደገና ንገረኝ» አለችው። እንደገና ነገራት። በሩ ሰማያዊ የሆነው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችው፤ የኋላው ነው አላት። ሦስተኛ ጊዜ አስነገረችው፤ ሦስተኛ ጊዜም «መኪናዋንም አብሬ እሸጣታለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቷ ሊስቅ ከጅሎ ተመለሰ።

ልብስ ሰፊው ይቅርታ አገኘሁ ብሎ አሰበ። ተነስቶ ጫማውን በዐይኑ ፈለገ። «እንግዲህ ልሂድ፣ አንቺም ዕረፊ። ያ ካሴት የሚሰበስበውን ሰውዬ አግኝተን በሕይወት እንዳለሽ...»

«የሞትኩትን ነገር ነገ እናስተካክለዋለን። ቁጭ በል።»

«የሰው ኮት አበላሽቼ ነው የመጣሁት።»

«ቁጭ በል አልኩህ። ገና አራት ቀርቷል። አራት መቶ ሰማንያ ስድስት ጊዜ ገዝተህ አንዴ እንኳ ሳትሰማ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ተቀመጠ። አምስተኛው ዘፈን ፈጣን ነበር፤ ስድስተኛው ያለ ከበሮ፣ በኦርጋን ብቻ የሚሄድ። እህትና ወንድም ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ ሳይተያዩ፣ እንደ ሐኪም ተራ ጠባቂ ተቀምጠው ሰሙ። ከማዶ የውሃው ታንከር ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ ብርቱካንማ ተለወጠ። አንድ ጊዜ እህቱ ከዘፈኑ ጋር በትንሹ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ያ ስብር የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን አቁማ ወጣቷን ብቻዋን ተወቻት። ልብስ ሰፊው እንባው መጣ። መጥረጊያ ፈልጎ ኪሱ ውስጥ ከጠመኔ በቀር ምንም አላገኘም።

በሩ ተከፈተ። የፋርማሲዋ ልጅ ነጭ ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ፣ ዳቦ በብብቷ ሥር ይዛ ገባች። የተንጠለጠለውን ግማሽ መጋረጃ፣ እናቷን፣ አጎቷን በየተራ አየች። አንድ ችግር እንዳለ ገብቷት ሳለ ጆሮዋ ግን ወደ ስልኩ ሄደ። እናቷ ድሮ ካሴት እንዳወጣች ታውቃለች፤ ስትሰማው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቤት ውስጥ አንድም ቅጂ ኖሮ አያውቅም።

«ውይ፣ ድምፅዋ ሲያምር! ማናት?» አለች።

ልጅቷ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ጠጋ ብላ የሽፋኑን ሥዕል አየች። ቀና ብላ እናቷን አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እማዬ... ከየት ተገኘ? የት ነበር እስከዛሬ?»

እህቱ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «ንገራት» አለችው።

«አባባ፣ አያትሽ፣ አንድ ቀን ከሥራ መጥተው...»

«አይሆንም» አለች እህቱ። «እሳቸው የሉም። ከራስህ ጀምር።»

ሰውየው የመተኮሻ ጠባሳ ያለበትን አውራ ጣቱን እያሸ ቆየ። ከጠዋት ጀምሮ ለራሱም ያልነገረው አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሙያ የምማርበት ሱቅ ውስጥ ሰፊዎቹ ይህን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ትከሻዋን እያዩ የሚሉትን ይላሉ። እኔ መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ እሰፋለሁ። እህቴ ናት አላልኩም። ሦስት ቀን ሙሉ አላውቃትም አልኩ። አያትሽ ፖስታውን ሲሰጡኝ...» አለና ልጅቷን ሳይሆን እህቱን አየ። «ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኳቸው፣ እታለም። ባይልኩኝም እሄድ ነበር መሰለኝ።»

ሰባተኛው ዘፈን ጀምሮ ነበር። እህቱ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ዘጋችው።

«ቀጥል» አለች።